ቀይ ቀበሮና የመንደር ውሻ

በዚህ ዓለም ለብቻው የሚኖር ፍጥረት የለም። ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት ምድር ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምረው ትምህርት ሥነ ምሕዳር ወይም ኤኮሎጂ ይባላል። ስሙን በ1866 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ጀርመናዊው ሊቅ ኤርነስት ሄክል ሲሆን፥ የተመሠረተውም ቤት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ስያሜው ተገቢ ነው እንላለን፤ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲታመም የሌላው ሰላም ይታወካልና።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በባሌ ተራሮች ውርጭ ምድር ሣሩ ፍልፈልን ይመግባል። በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈልም ጉድጓዱን ሲቆፍር አፈሩን እንደ ማረሻ ይገለብጣል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ፍልፈልንና አይጥን እያደነ ይኖራል። ስለዚህ ሣሩ ከመጠን በላይ ቢጋጥ፥ ጉዳቱ ሣር በማይበላው በቀበሮው ላይ ሳይቀር ይደርሳል።

የፍጥረታት ግንኙነት ግን በመብላትና በመበላት ብቻ አያልቅም። በመንዝ፥ በጓሳ ሜዳ፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲመላለስ ይታያል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ቀበሮው ለብቻው አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፥ በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል።

አሁን ይህን ኑሮ የሚያሰጋው ከቀበሮው ቤት ውጭ የመጣ ነገር ነው። እረኛው ከመንጋው ጋር ወደ ተራራው ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። ውሻው ያልተከተበ ከሆነ የእብድ ውሻን በሽታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቀይ ቀበሮ ለብቻው ቢያድንም በቤተሰብ ተሰባስቦ የሚኖር አውሬ ስለሆነ፥ አንዱ ሲነከስ በሽታው በመላው ቤተሰብ ይዛመታል። በ1984፥ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. በባሌ የደረሰው እልቂት ይህን ያስረዳል። በ1996ቱ ብቻ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ አውሬ፥ ዛሬ ለመራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውሻውን መግደል መፍትሔ አይደለም። በጅብና በነብር አገር እረኛው ያለ ውሻ መንጋውን ሊጠብቅ አይችልም፤ አንዱ ውሻ ቢገደልም በቦታው ያልተከተበ ሌላ ይተካል። መፍትሔው ክትባት ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70ው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን እንደሚያቆም የጤና ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህም ለቀበሮው ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የሌለው ይኸው በሽታ የእረኛውንም ልጅ ይገድላል።

እንግዲህ የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደጋው መንደር ይውጣ፤ ባለ ውሻውም ውሻውን ይዞ ይቅረብ። የወረዳ ሹማምንትም ክትባቱን በሽታው ከገባ በኋላ የሚታሰብ ሥራ ሳያደርጉ፥ እንደ ዘር ወቅት ጊዜ ይቁረጡለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ያው ድር ግን በአንዲት ክር መበጠስ ሊላላ እንደሚችል አንዘንጋ።