ፊርማ ቦሎ አይሆንም



ከላንቻ ወደ ስታዲየም የሚጭን ሚኒባስ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ መለጠፍ አለበት። ተሳፋሪው ራሱ ፍሬኑን ይፈትሽ የሚል የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከፍሎ ወደ ጠፈር የሚሄድ ሰው ቦሎ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ኤፍኤኤ የተሳፋሪውን ደህንነት የሚመለከት ደንብ እንዳያወጣ በአብዛኛው ከልክሎታል። ክልከላው ለስምንት ዓመት ነበር፤ ሲራዘም ሲራዘም እስከ 2028 መግቢያ ደርሷል። ኤፍኤኤ ፈቃድ ሲሰጥ የሚያየው መሬት ላይ ያለው ሕዝብ እንዳይጎዳ ነው። ተሳፋሪው አደጋው ይነገረዋል፣ ይፈርማል፣ በቃ።

ዶርም ውስጥ ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ «ወዶ ከፈረመ እኛ ምን አገባን? ቴክኖሎጂው ገና ጨቅላ ነው፤ በደንብ ካሰሩት ይሞታል» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ጥቂት ጊዜ ብቻ የበረረን ነገር እንደ መንገደኛ አውሮፕላን መቆጣጠር አይቻልም። ግን መድረሳ የተማርነውን የእህል ሻጩን ታሪክ አስታውሱ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ያገኙበትን። ገዢው እኮ ወዶ ነበር የሚገዛው። ከላይ የሚታየው ደረቅ ስለነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2014 የቨርጂን ጋላክቲክ መንኮራኩር ካሊፎርኒያ ላይ በሙከራ በረራ ተሰባብሮ ረዳት አብራሪው ሞተ። የጅራቱን መቆለፊያ ያለጊዜው ከፍቶት ነበር። መርማሪዎቹ ግን ነገሩን በሟቹ ላይ ጥለው አልሄዱም። ሠሪው ኩባንያ አንድ የሰው ስህተት ብቻውን መንኮራኩሩን ሊያጠፋ እንደሚችል አስቦ አልተከላከለም አሉ። ኤፍኤኤም በሰው ስህተት ላይ መደረግ የነበረበት ትንተና ሳይሟላ ከመስፈርቱ ነጻ አድርጎት ነበር።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን 157 ሰዎች አልቀዋል። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት የአንድ ሴንሰር መረጃ ብቻ ይዞ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሥራ ሲጀምር በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ ስለ እሱ ማብራሪያ አልነበረም። እዚያ ደንብም ተቆጣጣሪም ነበር። ነገር ግን አብዛኛውን ፍተሻ ኤፍኤኤ ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች ሰጥቶት ነበር። ሻጩ የራሱን ክምር እንዲፈትሽ እንደማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይና ሮኬት ወጥታለች። ነገ አንድ የግል ኩባንያ ሰው ላሳፍር ብሎ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ከእኛ ዲፓርትመንት የወጣ አንዱ ይሆናል። ኩባንያው «ደንበኞቻችን ፈርመዋል» ይላል። እኔ ብሆን የሙከራውን መዝገብ አምጣ እለዋለሁ፤ የከሸፉትንም ጭምር።