የኢላማው ሜዳ ይዘጋ ያልነው ስለምንድን ነው?

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ከሰፈራችን ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ኢላማ መተኮስ እንዲቀር መወሰናችን ይታወቃል። ውሳኔው በዚሁ ሰሌዳ ላይ በሦስት መስመር ተጽፎ ተለጥፎ ነበር። ሦስት መስመር ግን አልበቃም። «ማኅበሩ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የጠመንጃ አዛዥ የሆነው?» የሚል ጥያቄ በጠላ ቤቱም በእድሩም ሲነሳ ሰንብቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ የሚያከብረው ውሳኔ ዕድሜ የለውምና በዛሬው ጽሑፋችን ምክንያታችንን በግልጽ ማስረዳት እንወዳለን።

ሜዳው የኢላማ ቦታ የሆነው ዛሬ አይደለም። አባቶቻችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በዓመት በዓልም ቀን ነጭ ድንጋይ ወይም እንቁላል አቁመው፣ አንዳንዴም ጠላ ተወራርደው ሲተኩሱበት የኖረ ቦታ ነው። በምንሽርና በውጅግራ ዘመን ጥይት ውድ ነበርና አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተኮሰ ይበቃው ነበር። ከኢላማው በስተኋላ የነበረውም የግጦሽ መሬት ብቻ ነው። ከብቱን ገለል ማድረግ በቂ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን አጠፉ አንልም።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሐሙሲት ተገንጥሎ ወደ እስቴ የሚያልፈውን መንገድ ተከትሎ ከተማችን እየሰፋች መጥታለች። ከኢላማው ኋላ የነበረው ግጦሽ ዛሬ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፣ የተማሪ መንገድና የውሃ መቅጃ ሆኗል። ጠመንጃውም ምንሽር አይደለም፤ ክላሽ ነው። ሜዳው ባለበት አለ፤ ሰፈሩ ነው ወደ ሜዳው የሄደው። ቦታውን የሰጠነውም፣ ቤቱን የሠራነውም እኛው ነን።

ወደ ስብሰባው ያደረሰንን ጉዳይ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። አንዲት እናት ቡና እየቆላች ሳለ ጣሪያዋ ጧ አለ። ድንጋይ የተወረወረ መስሏት ልጆቹን ልትቆጣ ወጣች። ስትመለስ ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ ከጭቃው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ አገኘችው። ከሥሩ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሕፃን ተኝቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። የተኮሰው ሰው ራሱ መጥቶ «የእኔ ነች» ብሎ አምኗል፤ ቆርቆሮም ገዝቶ ተክቷል። ጨዋነቱን እናመሰግናለን፤ ስሙንም አናነሳም። ሰካራም አይደለም፤ ወንበዴም አይደለም። ጥሩ ተኳሽ ነው። ያስደነገጠንም ይኸው ነው። ጥሩ ተኳሽ ተጠንቅቆ ተኩሶ ይህ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከሰውየው ሳይሆን ከቦታው ነው ማለት ነው።

እስቲ የጥይትን ነገር እንመልከት። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይጓዛል። ተኳሹ አነጣጥሮ የሚመታው በ300 ወይም በ400 ሜትር ውስጥ ቢሆንም፣ ጥይቱ እዚያ ላይ አይቆምም። የሚያስቆመው ነገር ካላገኘ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ኢላማውን መምታትም አያቆመው፤ እንቁላሉን አፍርሶ መንገዱን ይቀጥላል። ድንጋይ የመታ እንደሆነ ደግሞ ነጥሮ ወዴት እንደሚዞር ተኳሹም አያውቅም። የእኛ ሜዳ ደግሞ ድንጋያማ መሆኑን ከብት ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል።

«እንግዲያው ወደ ሰማይ ነዋ የምንተኩስ!» የሚሉም አሉ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ይመለሳል። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጥይት በሰከንድ 90 ሜትር ያህል እየተጓዘ መሬት እንደሚደርስ በሙከራ ተረጋግጧል። በሰከንድ 60 ሜትር የሚጓዝ ጥይት ደግሞ የራስ ቅል ሊበሳ ይችላል። ሰርግ ቤት ያለ ሰው አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ አይተኩስም፤ ዘንበል ያደርገዋል። ዘንበል ብሎ የተተኮሰው ከዚህም በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በቤቷ ግቢ እንዳለች ከሰማይ በወረደ ጥይት ሞታለች። የተኮሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። በዓመቱ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች በከተማ ውስጥ ያለ ጥንቃቄ መተኮስን ከባድ ወንጀል አደረጉት። እ.ኤ.አ. ለ2004 ዘመን መለወጫ ዋዜማ ደግሞ በፖርቶ ሪኮ ደሴት በደስታ ተኩስ 19 ሰዎች ተመትተው አንድ ሰው ሞቷል። እነዚያም እንደኛ በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጠላት የነበረው አንድም የለም።

የተኩስ መለማመጃ የሚባል ቦታ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ወታደር ሆነው ያገለገሉ አባቶች ነግረውናል። ከኢላማው ኋላ ጥይት የሚውጥ ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ወይም የኮረብታ ገደል ያስፈልጋል። ተኩስ ሲኖር ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። ሰውና ከብት እንዳያልፍ በየአቅጣጫው ዘብ ይቆማል። አንድ አዛዥ «ተኩስ!» ሲል ይተኮሳል፣ «አቁም!» ሲል ይቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከግድቡ ወዲያ ብዙ ርቀት ድረስ ቤት አይሠራም። እንግዲህ የእኛን ሜዳ በዚህ መዝኑት። ግድብ የለውም፣ ባንዲራ የለውም፣ ዘብ የለውም። ወዲያ ማዶ ያለውም ሕፃናት የሚተኙበት ቤት ነው።

ይህ ጣጣ የአንበሳሜ ብቻ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ በዘመተበት በእ.ኤ.አ. 1951 ዓመት፣ በዚያው አገር ሜህያንግ-ሪ በምትባል የባሕር ዳር መንደር አጠገብ የአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን ተኩስ መለማመጃ አቋቁሞ ነበር። መንደርተኛው በድምፁና በስህተት በሚወድቀው ቦምብ ተማርሮ ለዓመታት አቤት አለ፤ ፍርድ ቤትም ሄደ። መለማመጃው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከ50 ዓመት በላይ ፈጀባቸው ማለት ነው። ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ስንመጣ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በሚለማመድባቸው ሜዳዎች ላይ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ወድቆ እየቀረ፣ ከብት የሚጠብቁ የሳምቡሩና የማሳይ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሞተዋል፣ አካላቸውም ጎድሏል። እ.ኤ.አ. በ2002 የእንግሊዝ መንግሥት ከ200 ለሚበልጡ ተጎጂዎች 4 ሚሊዮን 500 ሺህ ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል። ገንዘቡ ግን እጅም እግርም አይሆንም።

ከኬንያው ታሪክ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ሜዳ ተዘጋ ማለት ሜዳው ጸዳ ማለት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውጊያ በነበረባቸው የአማራ፣ የአፋርና የትግራይ ቦታዎች ተኩሱ ከቆመ በኋላም ያልፈነዳ ነገር አንስተው የተጎዱ ብዙዎች ሕፃናት ናቸው። ልጅ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ያነሳል፤ ድንጋይ አስደግፎ ይቀጠቅጣል። የእኛም ልጆች ከዚያ ሜዳ ቀለሃ እየለቀሙ ሲጫወቱ አይተናል። ቀለሃው ባይፈነዳም፣ ያልተተኮሰ ጥይት ግን ከመካከሉ አይጠፋም። ከሌላ ቦታ የመጣ የከፋ ነገርም ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንግባ። በስብሰባው ላይ አንድ አያ ተነስተው፣ «በዚህ ክፉ ቀን፣ ሰው መሣሪያውን ሳይፈትሽ እንዴት ይደር? ሌባ ቢመጣ ማኅበሩ ነው የሚደርስልኝ?» ብለዋል። ብዙ ሰው አጨብጭቦላቸዋል። አባባላቸውን የምንንቀው አይደለም። ጠመንጃ በአገራችን ንብረት ብቻ ሳይሆን ክብርም ነው፤ ማኅበራችንም የማንንም መሣሪያ ለመቁጠር ሥልጣን የለውም፣ ፍላጎትም የለውም። ያልነው ሌላ ነው። ያ ሜዳ ለተኩስ አይሆንም። እኒያ አያ ቤታቸውን ሊጠብቁበት የፈተሹት ጠመንጃ የጎረቤታቸውን ቤት ከበሳ፣ የተጠበቀው ምኑ ነው?

ከዚህም በላይ ክፉ ቀን የተባለው ራሱ ተኩሱን ለማስቀረት ምክንያት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ያየውን ውጊያ እናንተው ታውቃላችሁ። በማን ላይ እንፍረድ ብለን አይደለም የተነሳነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ጥይት ሲጮህ የኢላማ ይሁን፣ የሰርግ ይሁን፣ የውጊያ ይሁን ማን ይለያል? ሱቁ ይዘጋል፣ ተማሪው ከክፍል ይሮጣል፣ ነፍሰ ጡሯ ትደነግጣለች፣ ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ ይበተናል። መልስ የሚተኩስ ቢገኝ ደግሞ ለእንቁላል የተጀመረው ተኩስ በሰው ያልቃል።

ስለ ሰርግና ስለ ለቅሶም ካነሳን አይቀር ሙሉውን እንናገር። ሜዳውን ዘግተን በየድንኳኑ ከተተኮሰ ምንም አልሠራንም። ሙሽራ ያለ ተኩስ ቢሸኝ ክብሩ የሚጎድል፣ ለቅሶም ያለ ተኩስ ቢወጣ ሟቹ የሚናቅ የሚመስላቸው አሉ። እንዴ! ሽለላውና ቀረርቶው የት ሄደ? ሆታው፣ ከበሮው፣ የአልቃሿ ግጥም ለሰው ክብር አንሶ ያውቃል? በመንግሥት በዓል የሚተኮሰው መድፍ እንኳ ድምፅ እንጂ አረር የለውም። የእኛው ግን እውነተኛ ጥይት ነው።

የሕጉንም ነገር እናስታውስ። የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። በቸልተኝነት ሰው የገደለም በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 ይጠየቃል። «ሆን ብዬ አይደለም» ማለት ከሐዘኑም ከእስራቱም አያድንም። ሽማግሌ ገብቶ ደም ቢያደርቅም፣ ገዳዩም የሟቹ ቤተሰብም በአንድ ምንጭ ውሃ እየቀዱ ዕድሜ ልካቸውን መተያየታቸው አይቀርም።

ስለዚህ በስብሰባው የተስማማንበትን ከዚህ በታች በዝርዝር እናሳስባለን፤

1ኛ/ ከሰፈራችን ግርጌ ባለው ሜዳ ለኢላማም፣ መሣሪያ ለመፈተሽም፣ ለውርርድም መተኮስ ቀርቷል። አንድ ቀን በሕግ የተፈቀደ፣ ግድብና ዘብ ያለው፣ ከመኖሪያ የራቀ ቦታ በሚመለከተው አካል ከተሰናዳ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

2ኛ/ ሰርግ የሚደግስ ወይም ለቅሶ የተቀመጠ ቤተሰብ፣ ተኩስ እንደማይፈልግ ለጠሪዎቹና ለእድሩ ሊቀመንበር አስቀድሞ ያስታውቅ። እንግዳው ይቀየመኛል ብሎ የሚፈራ ካለ «ማኅበሩ ከልክሎኝ ነው» ይበል። ወቀሳውን እኛ እንችላለን።

3ኛ/ ወላጆች ልጆቻችሁን ከሜዳው ቀለሃ እንዳይለቅሙ ምከሩ። ጥይትም ሆነ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ያየ ልጅ አይንካ፣ አያንቀሳቅስ፣ ድንጋይ አይወርውርበት። በመጣበት መንገድ ተመልሶ ለአዋቂ ይንገር። አዋቂውም ራሱ አያንሳው፤ ሌላው እንዳይቀርብ ቦታውን በሩቅ ምልክት አድርጎ ለሚመለከተው ያስታውቅ።

4ኛ/ ውሳኔውን ጥሶ የሚተኩስ ቢገኝ ማንም ሰው በተኩስ መሐል ገብቶ አይጋፈጠው። ሲበርድ ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩታል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ትዝብት ነው። ከማኅበሩ ኮሚቴ አባላት መካከል በዚያ ሜዳ ያልተኮሰ የለም ማለት ይቻላል። ከኢላማው ኋላ የመጀመሪያው ቤት ሲሠራ አይተናል፣ ሁለተኛውም ሲሠራ አይተናል። «ኧረ ይሄ ነገር!» ብሎ የተነሳ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ጣሪያ እስኪበሳ ጠበቅን። ያቺ እናት በስብሰባው ላይ ቆመው፣ «እኔ እንኳን ቆርቆሮዬ ተተክቶልኛል፤ ልጄን ግን እስካሁን በዚያ በኩል አላስተኛውም» ሲሉ የምንመልሰው አጥተን አንገታችንን ደፍተናል።

እኒህ እናት ልጃቸውን በፈለጉበት ጥግ ያለ ሥጋት ሲያስተኙ፣ ያን ጊዜ ውሳኔያችን በሥራ ዋለ እንላለን። እስከዚያው ግን፣ ወንድሞቻችን፣ ነጩን ድንጋይ ከሜዳው አንሱልን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።