ዝናቡን ተዉት፤ መደቡን አሳዩን

ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽት አምስት አጫጭር ልብ ወለዶች ተነበቡልን። በአምስቱም ዝናብ ዘነበ! በአምስቱም አንድ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ በኪራይ ክፍል ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሲጋራ ያጨሳል። በሦስቱ ላይ ሻማም በርቷል፤ መብራቱ ለምን እንደጠፋ ግን የነገረን የለም። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ተነሣና «መቼት ጌጥ ነው፤ ብቸኝነት ያለው በገፀ ባሕርዩ ነፍስ ውስጥ ነው» ብሎ አረፈው። ተጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ለመሆኑ ወዳጄ፣ መቼንና የትን አንድ ላይ ሰፍተው መቼት የሚል ቃል ያወጡልን ሰዎች ለጌጥ ብለው የደከሙ ይመስልሃል?

እስቲ ከኛ ቤት ልጀምር። እኔ የእንሴኖ ልጅ ነኝ። በኛ አገር ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ፣ የትም ሆኖ የትም ወደ ቤቱ ይገባል። ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ሊስትሮ ሆነ፤ ኋላም መርካቶ ሰው ሱቅ ተቀጠረ። ከአባቴ ጋር ተኳርፎ አራት መስቀል ሳይመጣ ቀረ። በአምስተኛው መጣ። ክትፎው ቀረበ፣ ቆጮው ቀረበ፣ አባቴ መረቀ፣ ተሳቀ። ዝናብ የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐይ ነው፣ አደይ አበባ ነው። ማታ ወንድሜ እንደ ድሮው ወደ መደቡ ሄደ። መደቡ ላይ ዋጋ እስኪወጣለት የተቀመጠ የበርበሬ ጆንያ እስከ ላይ ተደርድሯል። ማንም ምንም አላለም። እናቴ በእንግዳ ወገን፣ በሩ አጠገብ ሰሌን አነጠፈችለትና ከሳጥን አዲሱን ብርድ ልብስ አወጣችለት። አዲሱን እኮ ነው! ያ ብርድ ልብስ ለኛ ለልጆቿ ወጥቶ አያውቅም። ሌሊቱን ሲያስነጥስ ሰማሁት፤ በርበሬው ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

አሁን እዚህ ላይ «ልቡ በብቸኝነት ጦር ተወጋ» ብዬ ብጨምርበት ምን እጠቅማለሁ? ጆንያው ተናግሮ ጨርሷል። ደግሞም ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ከቤተሰብ መለየት ማለት ሰው ማጣት ብቻ የሚመስላቸው ደራሲዎቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን በባዶ ክፍል አላስቀመጧትም። የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ አሽከርና ገረድ የሞላበት ነው። ልጅቱ ግን በዘር የሚመጥናት እስኪገኝ ተብላ በገዛ አባቷ ቤት ታግታ ትኖራለች፤ ግቢው በሞላ ቁጥር እሷ ትርቃለች። የበዛብህም ነገር እንዲሁ ነው። ከእናት ከአባቱ የለየው ስለት በአገር ይለካል፦ ማንኩሳ ወዲያ ትቀራለች፣ ዲማ ትመጣለች።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚጠቅስብኝ አይጠፋም። ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ታተመ፣ የመጀመሪያችንም ነውና ክብሩን አልነሣውም። ነገር ግን ጦቢያና ዋሕድ የሚለያዩበት አገር ስም የለውም፤ ተራራው የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዝንላቸዋለሁ እንጂ ከየትኛው ምድጃ ዳር እንደጎደሉ አላውቅም።

የኛው አገር ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሺነጋን መንደር ታሪክ የጻፈው በቸሃ ነበር። ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። እኛ የዚያው አገር ልጆች በእንግሊዝኛ እናነበዋለን፤ ይህ ራሱ አንድ ከቤት መራቅ ነው፣ ግን ለሌላ ቀን ይቆየኝ። በሰባት ቤት ጉራጌ ጎጆዎቹ የሚሠሩት ጀፎረ በሚባለው ሰፊ ሣር ሜዳ ግራና ቀኝ ነው። ከአባቱ የተጣላ ልጅ በዚያ ሲያልፍ ሁሉም ከደጁ ያየዋል፤ የአባቱን ደጅ አልፎ የአጎቱ ቤት ሲገባም ያየዋል። እዚያ ተወልደን ስናበቃ የፓሪስ ሰገነት የምንጽፈው ምን ቸግሮን ነው?

«የአዲስ አበባ ኪራይ ቤትስ አይለይም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይለያል እንጂ! እንግዲያው ኮምፔርሳቶውን ጻፈው። ከወዲያ የአከራይህ ልጆች ራት ቀርቦ «እማዬ» ሲሉ ይሰማል፤ አንተ ከወዲህ ማንኪያህ እንዳይሰማ ቀስ ብለህ ትበላለህ። ይኸን እያለህ ዝናብ ትጠራለህ?

ጽሑፍህን በትናንትናው ዕለት መልሼልሃለሁ። በኅዳጉ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ልጁ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ውስጥ የት ይተኛ ነበር? አሁንስ እዚያ ማን ይተኛል? (ሁለት ሆነ መሰለኝ።) መልሱን ለሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ።