ሰብለ የሚለውን ስም ማን አስወደደው?

ከደምበጫ ተነስቶ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ያገኛል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለደው እዚህ ነው። ስሟ ከመጽሐፉ ወጥቶ ቤት ለቤት የገባው ግን ያፈቀራት ሰብለ ወንጌል ናት።

ስሙ ከልብ ወለዱ በብዙ ይቀድማል። የአፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ባላቸው ካረፉ በኋላ ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ከፖርቱጋል ነፍጠኞች ጋር ዘምተዋል፤ ልጃቸው ገላውዴዎስም በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ድል አድርጓል። ትርጉሙም ያማረ ነው፤ የወንጌል አዝመራ። ቤተ ክህነት ሰብለ ማርያም ብላ ክርስትና ታነሳበታለች፤ የደምበጫ ገበሬም «ሰብል» ምን እንደሆነ ለማወቅ መሪጌታ አያስፈልገውም።

እኔ ግን ስሙን ያስወደደው ንግሥናውም ትርጉሙም አይመስለኝም። አራስ ቤት ተቀምጦ ስለ ወይና ደጋ የሚያወጋ የለም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ፊደል ላልቆጠረው ሰው የደረሰው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። አንድ ሬዲዮ ለመንደር በሚበቃበት ዘመን፣ እንዝርቷን ይዛ የተቀመጠች እናት የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡም ሰብለ ስታለቅስም በዚያ ሰው ድምፅ ሰማች።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል ሕዝብ ለሕፃን የሚመርጠው ዕድለኛ ስም ነው። ሰብለ ደግሞ ምን ዕድል አላት? አባቷ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ ዕድሜዋ አለፈ፤ የወደደችውን በሞት አፋፍ ላይ አገኘችው፤ መንኩሳ ሞተች። ይህን ስም ለአራስ ልጅ ማውጣት ድፍረት ነው።

ድፍረቱን ያመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ መሄዷ ነው። በጎጃም ገጠር ልጃገረድ የምትዳረው ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሹ ተነጋግሮ ነበር፤ ብዙዎቹም ጡት ሳያጎጠጉጡ ተድረዋል። እንደዚያ የተዳረች እናት ሬዲዮው ሥር ሆና የሰማችው ሞቱን ብቻ አይደለም፤ እምቢታውንም ነው። ልጇን ሰብለ ስትል የራሷን ያልተነገረ እምቢታ አስመዘገበች። (አባትየው «የመጽሐፍ ቅዱስ ነው» ብሎ ተቀብሎት ይሆናል፤ ወንጌል የሚለው ጭራ ለዚህ ይጠቅማል።)

ይህን ግምት የሚያጠነክርልኝ የስም አወጣጣችን ሥርዓት ነው። የወንድ ስም ማንም ሳይመርጠው የአባት ስም ሆኖ፣ ከዚያም የአያት ስም ሆኖ በመታወቂያ ላይ ይቀጥላል። የሴት ስም ይህ ውርስ የለውም፤ ሰብለ የወለደቻት ልጅ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የተጻፈች እያንዳንዷ ሰብለ ሆን ተብላ የተመረጠች ናት። ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ ሕፃናቱ ሶሊያናና ሄራን እየተባሉ ነው፤ ሰብለ የሚባሉት እናቶቻቸው ናቸው።