ሕጉ ጸንቷል ወይስ ተሽሯል?

የዩኒቨርሲቲ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ጸንቶ ያለውንም የተሻረውንም ሕግ በአንድ መደርደሪያ ያኖራል። ሁለቱም ያው ሽፋን፣ ያው ማኅተም አላቸው፤ የተሻረ አንቀጽ ይዞ ችሎት የቀረበ ሰው ግን ያለ ሕግ እንደቀረበ ይቆጠራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ ላይ ለሚመራመር ሰው ሕጉን ማግኘት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከባዱ ግማሽ ሕጉ ዛሬም የጸና መሆኑን ማረጋገጥ ሲሆን፣ ይህም ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከነጋሪት ጋዜጣ መጀመር አለበት።

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1 ነበር። በ1967 ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ቁጥሩ እንደገና ከ1 ተነሣ፤ በ1987 ሕገ መንግሥቱ ሲታወጅም እንዲሁ። «አዋጅ ቁጥር 1» ብሎ ለጠየቀ አንባቢ ቢያንስ ሦስት የማይገናኙ ሕጎች ይወጡለታል፤ ዓመት ያልተጻፈበት ቁጥር የትም አያደርስም። ዓመቱም ቢሆን ያሳስታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በአማርኛው ዓምድ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው፤ በጥቅስ ላይ ሁለት አዋጅ ይመስላል። በሁለቱ ዓምዶች መካከል የይዘት ልዩነት ከተገኘ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የሚጸናው አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛ የሚያጠና የሕግ ተማሪ ይህን ቢዘነጋ ዋጋ ያስከፍለዋል።

አዋጅን ከመጨረሻው መክፈት ጥሩ ልማድ ነው። የተሻሩ ሕጎችን የሚዘረዝረው አንቀጽና የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹ የሚገኙት እዚያ ነው። አዋጅ 1156/2011 አዋጅ 377/1996ን ሻረ፤ ያም ቀደም ሲል አዋጅ 42/1985ን ሽሮ ነበር። ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ መከተል የታሪክ ፍላጎት ብቻ አይደለም። ሠራተኛው የተሰናበተው በ1994 ከሆነ የስንብቱ ሕጋዊነት የሚመዘነው በ42/1985 ነውና የተሻረውም አዋጅ ከመደርደሪያው መጥፋት የለበትም።

ትልቁ ፈተና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። 3367 አንቀጾች ያሉት ይህ መጽሐፍ በአብዛኛው ዛሬም ይሠራበታል፤ የቤተሰብ ክፍሉን ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ተክቶታል። ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ የአማራ ክልሉ የቤተሰብ ሕግ በክልሉ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ ላይ የታተመው አዋጅ 79/1995 ነው። የቆየው ቅጂ ይህን ሁሉ ለአንባቢው አይነግረውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ የጻፈው በፈረንሳይኛ ስለሆነም የአማርኛው አንቀጽ ሲደበዝዝ ፈረንሳይኛውን ማየት ይጠቅማል፤ ይሁንና ለመረዳት ያግዛል እንጂ ሕግ አይሆንም።

አንቀጹ ጸንቶ ትርጉሙ ሊለወጥም ይችላል። ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጓሜ ሊሰጥ ስለሚችል የሰበር ውሳኔዎችን ከቅርቡ ቅጽ ጀምሮ ወደ ኋላ ማንበብ ይሻላል። ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን ከ1956 ጀምሮ የወጣው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ሁነኛ ምንጭ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጾቹ ከጥናታዊ ጽሑፎች ጋር የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንም ያትሙ ነበር። የምሁራን ጽሑፍ ተራው የሚደርሰው ከአዋጁና ከውሳኔው በኋላ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ማውጫዎች የትኛው ሕግ በየትኛው እንደተሻረ ቢያመለክቱ የስንት ተመራማሪ ድካም በቀለለ ነበር። ይህ ባልተሟላበት ሁሉ ማጣራቱ የአንባቢው ድርሻ ነው። ለምሳሌ አዋጅ 1243/2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ስለሆነ የ1952ቱ የንግድ ሕግ በሙሉ የተሻረ ይመስላል፤ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ የሚደነግገው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ንግድ ወረቀቶችና ባንክ ሥራ የሚደነግገው አራተኛው መጽሐፍ ግን አልተሻሩም።