ፓይተን ለጀማሪ ተማሪ ይበጃልን?

በኮምፒዩተር ክፍላችን ዘወትር ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ «ጀማሪ ተማሪ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይጀምር?» የሚለው ነው። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ «በሲ ያልጀመረ ሰው ኮምፒዩተርን አያውቅም» ይላሉ። እኔ ግን የፓይተን ወዳጅ ነኝ፤ ወዳጅነቴም ጕድለቱን ከመናገር አያግደኝም።

ፓይተንን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ የሆላንድ ሰው ነው። በአምስተርዳም በአንድ የሒሳብና የኮምፒዩተር ምርምር ተቋም ይሠራ በነበረበት ጊዜ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 በገና ዕረፍቱ ጀመረውና በ1991 ለሕዝብ አወጣው። ስሙ ከዘንዶ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን የተወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ቀልድ ነው። (ዓርማው ሁለት እባቦች መሆናቸው ግን ነገሩን አባብሶታል።)

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንለት አጭርነቱን ነው። በሲ ቋንቋ አንዲት ቃል በስክሪኑ ላይ ለማሳየት አያሌ ምልክትና ቅንፍ መደርደር ያስፈልጋል፤ በፓይተን አንድ መስመር ይበቃል። አንዱን ኮምፒዩተር ለሦስት ለሚካፈሉ ተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ሌሎች ቋንቋዎች በቅንፍ የሚለዩትን ክፍል ፓይተን የሚለየው መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በመጻፉ ነው። ስለዚህ ደብተሩን አዝረክርኮ የሚጽፍ ተማሪ ፕሮግራሙ እንቢ ይለዋል። መምህራኖቻችን ይህን የሚጠሉት አይመስለኝም።

ለእኛ ለፊደል ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በአሮጌው በሁለተኛው ፓይተን «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመት ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ 9 ይል ነበር፤ ለምን ቢሉ፥ እያንዳንዱ ፊደል በ3 ባይት ስለሚቀመጥ ባይቱን እንጂ ፊደሉን አይቈጥርም ነበር። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ግን 3 ይላል። «ዋጋ» ወይም «ብዛት» እያልን በፊደላችን ስም ማውጣትም ይቻላል። ይሁን እንጂ ላይ «ሥራ» ብሎ ሰይሞ ታች «ስራ» ብሎ ለሚጠራ ሰው «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ቋሚዎቹ ቃላት እንግሊዝኛ ስለሆኑም ኪቦርዱን በየጊዜው መለዋወጥ ያሰለቻል። «፳፭» ብንለውም ቁጥር አድርጎ አይቀበልም፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮና የቤት ዋጋ የሌለው ስለሆነ በዚህስ አልወቅሰውም።

የምወቅሰው በዝምታው ነው። አንድ ተማሪ የደብተር ዋጋ ጠይቆ በብዛቱ የሚያባዛ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ዋጋው 25 ብር፥ ብዛቱ 4 ነው። መልሱ 100 መሆን ሲገባው ፓይተን ሳያጕረመርም 25252525 ብሎ ሊያወጣ ይችላል! ይኸውም በኪቦርድ የገባውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚቀበል፥ ጽሑፍን በ4 ማባዛትም አራት ጊዜ መድገም ስለሆነ ነው። ወደ ቁጥር የሚለውጠውን «ኢንት» የተባለ ትእዛዝ መጨመር የጸሐፊው ፈንታ ነው። የሲ ቋንቋ ግን ነገሩ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አስቀድሞ ካልተነገረው አይሠራም። ከ2015 ወዲህ በፓይተንም ዓይነቱን በማስታወሻ መልክ መጻፍ ተፈቅዷል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን ፓይተን ራሱ ማስታወሻውን አይመረምረውም። በሱቅ ሒሳብ ከሆነ ስሕተቱን ዓይን ያየዋል፤ በሺህ መስመር ውስጥ ቢደበቅስ ማን ያየዋል?

ስለ ዝግታው ብዙ ስለሚወራ አልደግመውም፤ ነምፓይን የመሰሉ መሣሪያዎች ከባዱን ስሌት ውስጥ ለውስጥ በሲ ያሠሩለታል። ይልቅስ የሚያሳስበኝ አሮጌው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ፓይተን በ2020 ጥር ወር መባቻ ድጋፉ ተቋርጧል፤ በእርሱ የተጻፉ መማሪያዎች ግን ዛሬም በእጃችን ስለሚገኙ፥ ምሳሌው እንደ ተጻፈ ተገልብጦ አልሠራ ሲል ጀማሪው ራሱን ሰነፍ አድርጎ ይቈጥራል።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በፓይተን ይጀምር፥ ከመጀመሪያውም ሳምንት ቁጥርንና ጽሑፍን ለይቶ እንዲጽፍ ይገደድ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጥቂት ሲ ይቅመስ፤ ፓይተን በዝምታ የሚያልፈውን ሁሉ ያን ጊዜ ያየዋል። የሲ ወዳጆች የተለየ አሳብ ካላቸው በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ቢጽፉልን በደስታ አነባለሁ።