ላፕቶፕና የመኪና ባትሪ



ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንጓዝ የገጠመንን ላጫውታችሁ። የእህቴ ልጅ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራበት ላፕቶፕ አለው። ላፕቶፕ ስላችሁ ልጆች የቤት ሥራ የሚጽፉበትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ቻርጀሩ ጡብ ያክላል፣ ጀርባው ላይም 230 ዋት የሚል ተጽፎበታል። ሥራውን በማግስቱ ማስረከብ ስለነበረበት «መንገድ ላይ እየሠራሁ ልሂድ» አለ።

የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካና ሥራውን ጀመረ። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ፊውዙ ተቃጠለ። ሾፌራችን «የሲጋራ ወረቀት ጠቅልለንበት እንሂድ» ሲል እኔ እምቢ አልኩ። የሲጋራ መለኮሻ ፊውዝ በአብዛኛው 10 ወይም 15 አምፔር ነው። አስራ አምስቱን በ12 ቮልት ብናባዛው 180 ዋት ይሆናል። የኛ ላፕቶፕ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም ግን፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ተጨምሮ፣ ወደ 260 ዋት ማለትም 22 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ ፊውዙ አልተበላሸም፤ የተቀመጠበትን ሥራ ሠራ። በወረቀት ወይም በወፍራም ፊውዝ ብናታልለው በዳሽቦርዱ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ሽቦ በፊውዙ ፈንታ ይግላል። ከኋላ አራት ሕፃናት ተቀምጠዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ገመድ ሳበልን፤ ባትሪው አጠገብም 30 አምፔር ፊውዝ አደረገበት። ይህ ትክክለኛው አሠራር ነው። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞው ስለሚያግዝ ልጁ ጣርማበርን ወርደን ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ በሰላም ሠራ።

ሸዋ ሮቢት ዙህር ሰግደን ምሳ በላን። ለካስ ልጁ ላፕቶፑን «ይህን ሥዕል እየሠራ ይቆይ» ብሎ ትቶት ወርዷል! ብዙ መኪኖች ቁልፍ ሲዞር ሲጋራ መለኮሻውን ያጠፉታል፤ ከባትሪ ቀጥታ የተሳበ ገመድ ግን ቁልፉን አያውቀውም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ስንመለስ ሞተሩ አልነሳ አለ። አዲስ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ እንኳ በዚህ አሳሳብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሲሶው በላይ ያልቃል፤ የኛ ደግሞ ያረጀ ነበር። ብዙ ሰው «ኢንቨርተሩ ራሱ ያቋርጥ የለም ወይ» ይላል። አዎን ያቋርጣል፤ ግን ብዙዎቹ የሚያቋርጡት ቮልቱ ወደ 10.5 ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ሞተር ለማስነሳት የሚበቃ ኃይል አይቀርም። ደግነቱ የሰፈሩ ወጣቶች ገፍተው አስነሱልን፤ ማርሹ አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ ይህም አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ለመጻፍና ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው ኢንቨርተርም አያስፈልገውም። ላፕቶፑ በታይፕ ሲ ቀዳዳ የሚሞላ ከሆነ 60 ወይም 65 ዋት የመኪና ቻርጀር ይበቃዋል፤ መለኮሻውም ይችለዋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ደንብ ታይፕ ሲን እስከ 240 ዋት አድርሶታል፤ ሆኖም ቻርጀሩም ገመዱም ላፕቶፑም ያንን የሚቀበሉ መሆን አለባቸው፣ የመኪናው ፊውዝ ደግሞ ያው የድሮው ነው። ከባዱን ሥራ በመንገድ ላይ መሥራት ግድ የሆነበት ሰው ገመዱን ከባትሪ ያስስብ፣ ቁልፍ ሲዞር እንዲቋረጥም ኤሌክትሪሺያኑን ይጠይቅ። ኢንቨርተሩ ከቻርጀሩ ዋት በደንብ ከፍ ያለ፣ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጥ ይሁን፤ ስለሚግል ከመቀመጫ ሥር በልብስ ተሸፍኖ አይቀመጥ። በአውቶቡስና በጭነት መኪና የምትሄዱም ከመሰካታችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው።

ልጁ ሥራውን ደሴ ከአክስቱ ቤት ሌሊት ጨርሶ አስረከበ። ሲመለስ ላፕቶፑን ከሻንጣው አላወጣውም።